ውሃ ልክ

ጥር ነው፣ ተንደር ቤይ። የምድር ቤቱ መስኮት፣ አንድ ክንድ ቁመቱ፣
በረዶ ተከምሮ ጠፍቷል እስካናቱ።
አባቴ ኡርሆ፣ ዳሌው ከተሰበረ፣
ደረጃ መውጣቱ ሕልም ሆኖበት ቀረ።
አልጋው እዚህ ወርዷል፣ ከማሞቂያው ኋላ፤
መጋረጃ ጋርዶ፣ ለዓይን እንጂ ለአፍ የማይሆን ከለላ።

ወንድሜ ከካልጋሪ «ሰው ቅጠሪ» አለኝ በስልክ፤
ገንዘቡን ግን ረሳው፣ ከምክሩ ጋር አብሮ ሊልክ።
ሻወር ልሠራለት ሦስት ቅዳሜ ቆረጥኩ፤
ጓንቴን አጠለቅኩና ወለሉን ዳበስኩ።
ወለል አይባልም፦
እዚህ ላይ ጉብታ፣ እዚያ ላይ ስርጉድ፣
የሐይቅ ማዕበል ይመስል፣ ሲናወጥ የደረቀ ጉድ።
ውሃ ልኩን ጣልኩት።
በብርጭቆዋ ሆድ ያለችው አረፋ
መሀል አልመጣ አለች፣ ጫፍ ላይ ተለጥፋ።

«ልክ አይደለም» አልኩ።
«ልክ ነው፣ ራይሊ!» አለ አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ፣
«እኔ፣ ኤይኖና ቪልሆ፣ ከጎተራው ሥራ ወጥተን፣ የስንዴ ብናኝ እንደለበስን፣
በአንድ ሌሊት ያፈሰስነው፣ ያለ መሐንዲስ፣ ያለ ማደባለቂያ!»
ብይ አመጣሁ፤ የልጄን፣ ሰማያዊ፣ ከመሳቢያ።
መሀል ላይ አኖርኳት።
ጥቂት ቆመች። አሰበች። ዞረች።
ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ሰሜኑ ማዕዘን ወረደች፣
ሳውናው ወደነበረበት፤ ቅዳሜ ማታ ማታ
እናቴ ቪየኖ ወደምትቀመጥበት፣ ፀጉሯን ፈትታ።
በሞተች በዓመቱ አግዳሚውን አፍርሶ
በምድጃው አነደደ፤ ስሙንም አላነሳ መልሶ።

«ታዲያ ይሄ ማዕዘን ለምን አዘቀዘቀ?»
«ቪልሆ ሰክሮ ነበር» አለና ሳቀ።
ማታ ግን፣ ሾርባውን ስሰጠው በማንኪያ፦
«እግሯ ያብጥ ነበር፤ አውቄ ነው ያዘነበልኩት፣ ለውሃው መሸኛ፣ ለሷ ማረፊያ።»
የቱ እውነት እንደሆነ ውሃ ልክ አይነግርም።
ሁለቱም ይሆናል። ሰካራም ወዳጅ ያለው ሰው ሚስቱን አይወድም አይባልም።

ጉብታውን በመፍጫ ስፍቅ፣ ስፈጭ ዋልኩ፤
አቧራው ነጭ አርጎኝ በመስተዋት ሳይ፣ ከጎተራ የተመለሰ አባቴን መሰልኩ።
የገዛሁት ከረጢት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ራሴን በራሴ አስተካክላለሁ።»
እንዲህ ያለ ፍጡር በእኛ ዘር አላየሁ።
ባልዲ ሙሉ በጠበጥኩ፤ ወፍራም ወተት መሰለ፤
ፈሰሰ፣ ተዘረጋ፣ ስርጉዱን ሞላ፣ ጠባሳውን ከለለ።
እሰይ አልኩ።
ወዲያው ከማዕዘኑ ጉር... ጉር... የሚል ነገር፤
የረሳሁት ፍሳሽ፣ አፉን ከፍቶ ነበር!
ግማሹ ሲሚንቶ ወደ ጉድጓዱ ሄደ፤
ካልሲዬን፣ ጓንቴን፣ ኮፍያዬን ወተፍኩበት፤ አልሰማኝም፣ ወረደ፣ ወረደ።
አባቴ ከአልጋው ላይ፣ ሳል እስኪያንቀው ስቆ፣
«ልክ ነው አላልኩሽም? ያ ወለል መንገዱን ያውቃል፣ ከኛ ይልቅ ጠንቅቆ!»

እንግዲህ ጉዱን እዩልኝ፦ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ጠማማውን ሳቀና፣
ሻወር ለካ ቀጥ ያለ አይወድም፤ ዘንበል ይፈልጋል እንደገና፤
በየክንዱ ግማሽ ጣት፣ ከአራቱም ግድግዳ
ወደ ቀዳዳው፣ ውሃ እንዳያድር እንደ እንግዳ።
ተንበርክኬ መለሰኑን ገፋሁ፣ በጣውላ ከረከምኩ፤
አረፋዋ ከመሀል ስትሸሽ አየሁና «እንዲያ ነው» ብዬ መረቅኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ በፕላስቲክ በርጩማ
አስቀመጥኩት። ቧንቧውን ከፈትኩ። አጥንት ብቻ የቀረ ጀርባውን አሸሁ፣ ሳንነጋገር፣ ውሃው ብቻ ሲሰማ።
ተረከዙን ዞሮ፣ ሴራሚኩን ታኮ ሁሉም ፈስሶ አለቀ፣
አንዲት ኩሬ ስትቀር፤
መዳፍ የማትሞላ፣ ከግድግዳው ጥግ፣
ጸጥ ብላ የቆመች።
አውራ ጣቱን ነከረባት።
በቅንድቡ ውሃ እየተንጠባጠበ ቀና ብሎ አየኝ፤
«ይሄስ የማን ሥራ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።
«የኔ» አልኩት።
«ልክ ነው» አለኝ።